የፕሮቶንን ሞት የሚጠብቀው ጋን

በጃፓን ጊፉ ግዛት፣ በሂዳ ከተማ ሥር፣ ካሚዮካ የምትባል በተራሮች የተከበበች አካባቢ አለች። ለብዙ ዘመን ስሟ የሚነሣው በዚንክና በእርሳስ ማዕድኗ ነበር። ዛሬ የፊዚክስ ሊቃውንት ከዓለም ዙሪያ የሚመላለሱባት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ከኢኬኖያማ ተራራ አናት 1,000 ሜትር ወደ ታች፣ ዓለት ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ውስጥ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ግዙፍ የውሃ ጋን አለ። ከፍታው 41.4 ሜትር፣ ዲያሜትሩ 39.3 ሜትር ሲሆን 50 ሺህ ቶን ውሃ ይይዛል። የውስጥ ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ስፋት ባላቸው ከ11 ሺህ የሚበልጡ ወርቃማ የመስታወት ዓይኖች ተሸፍኗል። የመሣሪያው ስም ሱፐር ካሚዮካንዴ ነው።

ስለ ቅንጣት ፊዚክስ ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በጄኔቫ አቅራቢያ ከመሬት በታች 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው የሰርን ማፋጠኛ ነው። እዚያ ቅንጣቶች በከፍተኛ ፍጥነት እየተጋጩ ከግጭቱ የሚወጣው ይጠናል። ሱፐር ካሚዮካንዴ ምንም አያጋጭም። ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀን ከሌት፣ ውሃው ውስጥ ብልጭ የሚል ብርሃን ይጠብቃል። ከእሱ በፊት የነበረው ታናሽ መሣሪያ ካሚዮካንዴ የተቆፈረው አንድ ነገር ለማየት ነበር፤ ፕሮቶን ሲሞት። ከተቆፈረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከ ዛሬ አንድም ፕሮቶን ሲሞት አልታየም። ሆኖም ከዚያ ተራራ ሥር ሁለት የኖቤል ሽልማቶች ወጥተዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ በዘመናችን የሙከራ ሳይንስ ውስጥ እጅግ ከምወዳቸው ታሪኮች አንዱ ነው። ለዋናው ሥራ እንቅፋት ተብሎ የተመዘገበው ነገር ራሱ ግኝት ሆኖ ተገኘ። ዕድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላስደነቀ ነበር። እንቅፋቱን እንደ ዋናው ሥራ አክብረው አንድ በአንድ የቆጠሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮቶን ይሞታል ወይ?

የምናየውና የምንዳስሰው ነገር ሁሉ ከአቶም የተሠራ ነው፤ በአቶም እምብርት ውስጥ ደግሞ ፕሮቶን አለ። ፕሮቶን ዘላለማዊ እንደሆነ ሲታመን ኖሯል። በ1974 ግን የተፈጥሮን ሦስት መሠረታዊ ኃይሎች በአንድ ሕግ ሥር ለማዋሐድ የሚሞክር ንድፈ ሐሳብ ብቅ አለ፤ እሱ እንደሚለው ፕሮቶንም ዕድሜ አለው። ዕድሜውም 1 ተጽፎ ከ29 እስከ 31 ዜሮ የሚከተለው ዓመት ያህል ነው ተባለ። ይህ ከአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ፣ ማለትም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም። አንድ ፕሮቶን ይዞ እስኪሞት መጠበቅ ከንቱ ነው።

መፍትሔው ብዙ ፕሮቶን አንድ ላይ መጠበቅ ነው። በ3,000 ቶን ውሃ ውስጥ 1 ተጽፎ 33 ዜሮ የሚከተለው ያህል ፕሮቶን አለ። ንድፈ ሐሳቡ ልክ ከሆነ ከነዚህ መካከል በየዓመቱ በርከት ያሉት መሞት አለባቸው። ውሃ ርካሽ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ በብዛት ይገኛል። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲው ማሳቶሺ ኮሺባ ይህን ይዘው በካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ካሚዮካንዴን አሠሩ፤ ሥራውንም በ1983 ጀመረ። ያኔ አሜሪካውያንም በኦሃዮ የጨው ማዕድን ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የውሃ ጋን ሠርተው ነበር። ኮሺባ በመጠን እንደማይቀድሟቸው ስላወቁ በዓይኑ ጥራት ለመቅደም ወሰኑ። ሃማማትሱ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራውን 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብርሃን ዳሳሽ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ኩባንያው ሠራው። የኋላው ስኬት ሁሉ የተመሠረተው በዚያ ውሳኔ ላይ ነው።

ውሃ እንዴት ያያል?

ብርሃን በባዶ ጠፈር በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ 225 ሺህ ይወርዳል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ከብርሃን ቀድሞ መሮጥ ይቻላል ማለት ነው፤ በባዶ ጠፈር ያለው የፍጥነት ጣሪያ ሳይጣስ። ኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ይህን ያህል ሲፈጥን፣ ፈጣን ጀልባ ሐይቅ ላይ ከኋላዋ ሹል ማዕበል እየጎተተች እንደምትሄደው፣ እሱም ከኋላው ሰማያዊ የብርሃን ማዕበል ይጎትታል። ይህን ብርሃን በ1934 ያጠናው የሶቭየት ኅብረቱ ፓቬል ቼሬንኮቭ ነው፤ ብርሃኑም በስሙ ይጠራል። ማዕበሉ ከቅንጣቱ መንገድ ወደ 42 ዲግሪ ያህል ከፍቶ እንደ ሾጣጣ ይሰፋና ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የብርሃን ቀለበት ይሠራል።

ቀለበቱን የሚቀበሉት እነዚያ ወርቃማ ዓይኖች ናቸው፤ ፎቶመልቲፕላየር ይባላሉ። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ቅርጹ ትልቅ አምፖል ይመስላል፤ በውስጡ አየር የለም። የመስታወቱ የውስጥ ገጽ ስስ የብረት ውህድ ተቀብቷል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት እዚያ ላይ ስታርፍ አንድ ኤሌክትሮን ልትፈነቅል ትችላለች። ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያን ኤሌክትሮን ወደ አምፖሉ አንገት ይስበዋል። በአንገቱ ውስጥ ከተደረደሩት የብረት ሳህኖች ከመጀመሪያው ጋር ሲላተም ጥቂት ኤሌክትሮኖችን ያስወጣል፤ እነዚያ ቀጥሎ ካለው ጋር እየተላተሙ ሌሎችን ያስወጣሉ። በመጨረሻ አንዱ ኤሌክትሮን ወደ 10 ሚሊዮን በዝቶ ኮምፒውተር የሚመዘግበው የኤሌክትሪክ ምት ይሆናል። መሣሪያው አንዲትን የብርሃን ቅንጣት ነጥሎ ማየት የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

አምፖሉ ትልቅ በመሆኑ የምድር ማግኔታዊ መስክ እንኳ ኤሌክትሮኑን ከመንገዱ ያስተዋል። ስለዚህ በጋኑ ዙሪያ 26 ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቶ የምድርን መስክ ያጣፋል። ውሃውም ዝም ብሎ የተሞላ አይደለም። ያለማቋረጥ እየወጣ ይጣራል፤ አቧራው፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድን፣ ባክቴሪያው፣ ከዓለቱ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጨረራማ ጋዝ ሁሉ ይወገዳል። ብርሃን በዚህ ውሃ ውስጥ ወደ 100 ሜትር ገደማ ሳይደክም ይጓዛል።

እንግዲህ ቀለበቱ ብዙ ይናገራል። የብርሃኑ ብዛት የቅንጣቱን ጉልበት ያሳያል። ብርሃኑ በየትኛው ዓይን ቀድሞ፣ በየትኛው ዘግይቶ እንደደረሰ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ሲለካ ደግሞ ክስተቱ የተነሣበት ቦታና አቅጣጫው ይታወቃል። የቀለበቱ ጠርዝ ማንነትን ይለያል። ሚዮን የተባለው ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ያህል የሚከብድ ቅንጣት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጠርዙ የጠራ ቀለበት ይሠራል። ኤሌክትሮን ግን በውሃው ውስጥ እየተበተነ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ስለሚወልድ ቀለበቱ ጠርዙ የደበዘዘ ነው። ፕሮቶን ቢሞት ደግሞ በዋነኛነት የሚጠበቀው ምስል የተለየ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥተው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሦስት ደብዛዛ ቀለበቶች፣ ጉልበታቸው ሲደመር ከአንድ ፕሮቶን መጠነ ቁስ ጋር የሚተካከል።

ተራራ የተመረጠውም ይህ ምስል በሌሎች ብልጭታዎች እንዳይዋጥ ነው። ምድር ያለማቋረጥ በጠፈር ጨረር ትመታለች፤ ጨረሩ የሚያወርደው የሚዮን ዝናብ በምድር ገጽ ላይ ቢሆን መሣሪያውን ያጥለቀልቀው ነበር። የአንድ ኪሎ ሜትር ዓለት ያን ዝናብ ወደ መቶ ሺህኛ ያወርደዋል። ዓለቱ የማያቆመው ግን አንድ እንግዳ አለ።

እንቅፋቱ

ያ እንግዳ ኒውትሪኖ ነው። ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 መኖር አለበት ብሎ የገመተው፣ ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካዋን በ1956 በሙከራ ያረጋገጡት ቅንጣት። ኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ ከሌላ ነገር ጋር የሚነካካውም ከስንት አንዴ ነው። ከፀሐይ እምብርት የሚወጡት ኒውትሪኖዎች ብቻ እንኳ በእያንዳንዱ ሰከንድ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 65 ቢሊዮን ያልፋሉ፤ በሰውነታችንም፣ በምድርም አልፈው ይሄዳሉ። የጠፈር ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭም ኒውትሪኖዎች ይፈጠራሉ። ከነዚህ ጥቂቶቹ ከውሃው አቶሞች ጋር ሲጋጩ የሚወጣው ብልጭታ የፕሮቶን ሞት ሊመስል ይችላል። ለካሚዮካንዴ ሰዎች ኒውትሪኖ የሚያሳስት ጫጫታ ነበር።

ጫጫታን ለይቶ ለማውጣት ደግሞ ጫጫታውን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1986 የዶክትሬት ሥራውን የጨረሰው ወጣት ታካአኪ ካጂታ የሚዮንን ቀለበት ከኤሌክትሮን ቀለበት በተሻለ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም አዘጋጀ። ዓላማው ፕሮቶንን ማደን ነበር። ፕሮግራሙን ሲሞክረው በጫጫታው ውስጥ የማይጠበቅ ነገር አየ። ሚዮን ኒውትሪኖ ከተባለው የኒውትሪኖ ዓይነት የሚመጡት ክስተቶች በጣም አንሰዋል። መጀመሪያ የጠረጠረው የራሱን ፕሮግራም ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር ሲመረምር፣ መረጃውን በዓይን ሳይቀር እያየ ሲያጣራ ቆየ። በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ላይ ቁጥሩ እንዲህ ተቀመጠ። የኤሌክትሮን ዓይነት ክስተቶች 93 ታዩ፤ ስሌቱ የሚጠብቀው 88.5 ነው፤ ይስማማል። የሚዮን ዓይነቶቹ ግን 85 ብቻ ሲሆኑ ስሌቱ የሚጠብቀው 144 ነው። ከሚጠበቀው ሚዮን ኒውትሪኖ የቀረው የት ገባ?

ከዚያ በፊት ሌላ ታላቅ ነገር ሆኗል። ኮሺባ ፕሮቶኑ ዝም ሲል ጊዜ መሣሪያው የፀሐይን ኒውትሪኖ እንዲያይ ለማሻሻል ወስነው ነበር። ውሃው ይበልጥ እንዲጠራ፣ የውጭ መከላከያ ንብርብር እንዲጨመር፣ ኤሌክትሮኒክሱ እንዲለወጥ ተደረገ። ይህ ተጠናቆ መሣሪያው ጥሩ መረጃ መሰብሰብ የጀመረው በ1987 መባቻ ነው። በየካቲት 23 ቀን 1987 ታላቁ የማጄላን ደመና ከተባለው ጎረቤት ጋላክሲ የመጣ የኒውትሪኖ ማዕበል ምድርን አቋርጦ አለፈ። እዚያ አንድ ግዙፍ ኮከብ እምብርቱ ተደርምሶ ፈንድቶ ነበር። ካሚዮካንዴ በ13 ሰከንድ ውስጥ 11 ኒውትሪኖዎችን ያዘ። የሰው ልጅ የሚሞትን ኮከብ እምብርት ያየው ያን ጊዜ ነው። ኮሺባ በሚቀጥለው ወር ከዩኒቨርሲቲው በዕድሜ ጡረታ የሚወጡ ሰው ነበሩ። በ2002 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ብዙዎች ይህን የኮሺባ ዕድል ነው ብለውታል። ፍንዳታው ግን መሣሪያው ከመሻሻሉ በፊት ደርሶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ 11 ብልጭታዎች ባልተለዩ ነበር። የኒውትሪኖው ማዕበል ለሁሉም ሰው እኩል መጥቷል፤ ለመቀበል የተዘጋጁት ግን በጣም ጥቂት ነበሩ።

ከታች የሚመጡት ጎደሉ

የጎደሉትን ሚዮን ኒውትሪኖዎች ጥያቄ ለመመለስ ትንሹ ጋን አልበቃም። 50 ሺህ ቶን የሚይዘው ሱፐር ካሚዮካንዴ ተሠርቶ በሚያዝያ 1 ቀን 1996 ሥራ ጀመረ። መረጃው ሲበዛ አቅጣጫን መለየት ተቻለ፤ ቁልፉም እዚያ ላይ ነበር።

ከመሣሪያው በላይ ካለው ሰማይ የሚወርድ ኒውትሪኖ ከተፈጠረበት አየር እስከ ጋኑ የሚጓዘው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምድር ወዲያኛው ገጽታ የተፈጠረው ደግሞ ምድርን መሐል ለመሐል አቋርጦ ወደ 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከወለሉ በኩል ይገባል። ምድር ኒውትሪኖን ስለማታቆም ከላይና ከታች የሚመጡት ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት። የኤሌክትሮን ኒውትሪኖዎች እኩል ሆነው ተገኙ። ከፍተኛ ጉልበት ያላቸው ሚዮን ኒውትሪኖዎች ግን ከታች የሚመጡት ከላይ ከሚመጡት ግማሽ ያህል ብቻ ሆኑ።

በሰኔ 1998 ካጂታ በካሚዮካ አጠገብ በምትገኘው ታካያማ ከተማ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ውጤቱን አቀረበ። ትርጉሙ እንዲህ ነው። ኒውትሪኖ ሦስት ዓይነት አለው፤ ረጅም መንገድ ሲሄድ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው እየተለወጠ ይጓዛል። የጎደሉት ሚዮን ኒውትሪኖዎች መሣሪያው በቀላሉ ወደማይለየው ታው ወደተባለው ዓይነት ተለውጠው ነበር። እንዲህ ያለ ለውጥ ደግሞ የሚቻለው ኒውትሪኖ መጠነ ቁስ ካለው ብቻ ነው። የቅንጣት ፊዚክስ መደበኛ ሞዴል ግን ኒውትሪኖን መጠነ ቁስ የሌለው አድርጎ ነበር የተጻፈው። በአሥርተ ዓመታት ሙከራ ያልተነካው ሞዴል የመጀመሪያው ጽኑ ስንጥቅ ታየበት። በካናዳ ሰድበሪ 1,000 ቶን ከባድ ውሃ የያዘ ሌላ መሣሪያ የፀሐይ ኒውትሪኖዎችም በመንገድ ላይ እንደሚለወጡ አረጋገጠ። በ2015 ካጂታና የሰድበሪው መሪ አርተር ማክዶናልድ ኖቤልን ተካፈሉ።

የኅዳር 2001 ጥፋት

ይህን ሁሉ ያየው መሣሪያ ከአንድ ቀን አደጋ የተረፈ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በ2001 ጋኑ ለጥገና ውሃው ተቀድቶ፣ ያረጁ ዓይኖች ተለውጠው እንደገና እየተሞላ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ከታች ካሉት ዳሳሾች አንዱ የውሃውን ግፊት መቋቋም አቅቶት ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ባዶው ቦታ በቅጽበት በውሃ ሲሞላ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ተነሣ፤ ሞገዱ ጎረቤቱን ሰበረ፤ የጎረቤቱ ስብራት ሌላ ሞገድ ወለደ። በሰከንዶች ውስጥ ከመሣሪያው ዓይኖች ከግማሽ በላይ ረገፉ። እያንዳንዳቸው በሰው እጅ የተሠሩ፣ ለመተካት ዓመታት የሚፈጁ ነበሩ።

የመሣሪያው መሪ ዮጂ ቶትሱካ ዳግም እንደሚሠራ ወዲያው ለዓለም አስታወቁ። የተረፉት ዓይኖች በጋኑ ውስጥ እንደገና ተበትነው ተተከሉ። እያንዳንዱም ከፊቱ የአክሪሊክ፣ ከኋላው የፋይበርግላስ ሽፋን ተደረገለት፤ አንዱ ቢሰበር ሞገዱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ። በ2002 መገባደጃ መሣሪያው በግማሽ ዓይኑ ሥራ ጀመረ፤ በ2006 ሙሉ ሆነ። ጥበብ ማለት ይህ ይመስለኛል፤ የተሰበረውን መተካት ብቻ ሳይሆን ስብራቱ ሁለተኛ እንዳይዛመት አድርጎ መሥራት።

ጋዶሊኒየም የጨመረው ዓይን

ከቅርብ ዓመታት ሥራዎች ውስጥ በእጅጉ የሚማርከኝ ውሃውን ሆን ብሎ «ማበላሸት» ነው። ለ20 ዓመታት ውሃውን ከማንኛውም ባዕድ ነገር ሲያጠሩ የኖሩ ሰዎች በ2020 የበጋ ወራት 13 ቶን የጋዶሊኒየም ጨው አሟሙበት። በ2022 ደግሞ 26 ቶን ጨመሩበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኤሌክትሮን ኒውትሪኖ ተቃራኒ የሆነው ፀረ-ኒውትሪኖ ከውሃው ፕሮቶን ጋር ሲጋጭ አንድ ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ተቃራኒ ቅንጣት) እና አንድ ኒውትሮን ይወጣሉ። ፖዚትሮኑ ወዲያው ያበራል፤ ኒውትሮኑ ግን ሙል ስለሌለው አይታይም። በንጹህ ውሃ ውስጥ ኒውትሮኑን ውሎ አድሮ የሚይዘው ሃይድሮጂን ነው፤ ሃይድሮጂን ሲይዘው የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ደካማ ስለሆነ ለማየት ያስቸግራል። ጋዶሊኒየም ግን ኒውትሮንን በመያዝ ከንጥረ ነገሮች ሁሉ የላቀ ችሎታ አለው፤ ሲይዘውም በጣም የበረታ የጋማ ጨረር ይለቃል። ስለዚህ አሁን መሣሪያው የመጀመሪያውን ብልጭታና ጥቂት ቆይቶ የሚከተለውን ሁለተኛውን አንድ ላይ ያያል። ሁለቱ ከተገናኙ ፀረ-ኒውትሪኖ መሆኑ ይታወቃል። ከውሃው ውስጥ ከአሥር ሺህ ሦስት ያህል ብቻ የሆነ፣ 0.03 በመቶ ጋዶሊኒየም 75 በመቶ ያህሉን ኒውትሮን ይይዛል። ሐሳቡን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ጆን ቢኮምና ማርክ ቫጊንስ ናቸው፤ ሥራ ላይ እስኪውል ወደ 20 ዓመት ጠየቀ። ጋኑ በቀን አንድ ቶን ያህል ውሃ ያፈስ ስለነበር በ2018 ውሃው ተቀድቶ መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ተደፈኑ። ሌላውን ቆሻሻ ሁሉ እያስወጣ ጋዶሊኒየሙን ብቻ የሚተው አዲስ የማጣሪያ ዘዴም መፍጠር ግድ ነበር።

የዚህ ሁሉ ድካም ዒላማ ከአጽናፈ ዓለሙ ጅማሬ ወዲህ የፈነዱ ግዙፍ ኮከቦች ሁሉ የተዉት የኒውትሪኖ ቅሪት ነው። ቅሪቱ በየቦታው ተበትኖ በሁላችንም ውስጥ ያልፋል፤ ብዛቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። በ2024 ቡድኑ የመጀመሪያውን ምልክት ማየቱን አስታወቀ። በስታቲስቲክስ ሚዛን 2.3 ሲግማ የሚባል ነው፤ የፊዚክስ ሰዎች «ግኝት» ብለው ለመናገር 5 ስለሚጠይቁ ገና ፍንጭ ነው። ትክክል ሆኖ ከተገኘ የከዋክብትን ሞት ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ የምናነብበት አዲስ መንገድ ይከፈታል።

ሱፐር ካሚዮካንዴ ብቻውን አይሠራም። በጃፓን ምሥራቃዊ ጠረፍ ካለችው ቶካይ የሚነሣ የኒውትሪኖ ጨረር በምድር ውስጥ 295 ኪሎ ሜትር አቋርጦ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ገደማ ወደ ጋኑ ይደርሳል፤ ሙከራው ቲቱኬ ይባላል። ዋናው ጥያቄ ኒውትሪኖና ፀረ-ኒውትሪኖ በአንድ ዓይነት መንገድ ይለወጣሉ ወይ የሚል ነው። አጽናፈ ዓለሙ ሲጀመር ቁስና ፀረ-ቁስ እኩል ከነበሩ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ምንም ባልቀረ ነበር፤ እኛ መኖራችን አንዱ በትንሹ መብለጡን ያሳያል። ልዩነቱ የጀመረው ከኒውትሪኖ ሊሆን ይችላል። በ2025 የቲቱኬ ቡድን በአሜሪካ ኢሊኖይስና ሚኒሶታ መካከል 810 ኪሎ ሜትር ከሚያቋርጠው ኖቫ ከተባለው ሙከራ ጋር መረጃውን አዋሕዶ አሳተመ። ተፎካካሪ የነበሩ ሁለት ቡድኖች ስሌታቸውን አንድ ማድረጋቸው ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ቻይና ጓንግዶንግ ውስጥ 20 ሺህ ቶን ብርሃን ሰጪ ፈሳሽ የያዘውን ጁኖ የተባለ ሌላ የኒውትሪኖ መሣሪያ ሥራ አስጀመረች።

ቀጣዩ ጋን

ከሱፐር ካሚዮካንዴ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሌላ ተራራ ሥር ሃይፐር ካሚዮካንዴ እየተሠራ ነው። 68 ሜትር ስፋት፣ 71 ሜትር ጥልቀት፣ 260 ሺህ ቶን ውሃ። ግዙፉ ዋሻ ተቆፍሮ ያለቀው በ2025 ነው፤ ሥራ ይጀምራል ተብሎ የሚታሰበው በ2028። በውስጡ የሚተከሉት 20 ሺህ ያህል አዳዲስ ዓይኖች ብርሃን የመያዝ ብቃታቸው ከቀድሞዎቹ እጥፍ ነው። በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ አንድ ኮከብ ቢፈነዳ በ1987 የታዩት 11 ኒውትሪኖዎች በአሥር ሺዎች ይተካሉ። ኒውትሪኖዎቹ ከፍንዳታው ብርሃን በሰዓታት ስለሚቀድሙም የዓለም ቴሌስኮፖች ወደየት መዞር እንዳለባቸው አስቀድሞ ይነገራቸዋል።

ፕሮቶኑስ? አሁንም ይጠበቃል። ሱፐር ካሚዮካንዴ በ2020 ባወጣው ውጤት መሠረት ፕሮቶን በዋነኛው መንገድ የሚሞት ከሆነ አማካይ ዕድሜው ቢያንስ 24 ተጽፎ 33 ዜሮ የሚከተለው ዓመት ነው። ይህን ቁጥር እንደ ሽንፈት ማየት ስሕተት ነው። በ1974 የቀረበው ቀላሉ ንድፈ ሐሳብ የወደቀው በዚህ ዓይነት ዝምታ ነው፤ ዛሬም የተፈጥሮን ኃይሎች አዋሕዳለሁ የሚል ማንኛውም ሊቅ ስሌቱን ይዞ መጀመሪያ ከካሚዮካ ቁጥር ጋር መጋፈጥ አለበት። አንድ ነገር «አልታየም» ማለት ዋጋ የሚኖረው ቢኖር ኖሮ በእርግጥ ይታይ እንደነበር ማሳየት ሲቻል ነው፤ ያን ለማሳየት ነው ውሃው የሚጣራው፣ ዓይኖቹ የሚለኩት፣ እንቅፋቱ ሁሉ የሚቆጠረው።

ለወጣት ተመራማሪዎች ከዚህ ታሪክ የሚቀር ነገር ካለ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ የምትፈልጉትን ታገኙ አታገኙ እንደሆነ ተፈጥሮ እንጂ እናንተ አትወስኑም፤ መሣሪያችሁን አጥርቶ መሥራትና ያልጠበቃችሁትን ቁጥር ሳትንቁ መመርመር ግን በእጃችሁ ነው። ካጂታ ከ85ና ከ144 ፊት ቆሞ ልዩነቱን ስሕተት ነው ብሎ ቢያልፈው ማንም ባልወቀሰው ነበር። አላለፈውም፤ የቅንጣት ፊዚክስም ከዚያ ወዲህ ሌላ መልክ ይዟል።